ከወደቀው ግንድ እስከ ቆመው ሐውልት፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ግንዱ ደረሰ

ሥራው እንዲህ ነው። ከተዘጋው የጣውላ መሰንጠቂያ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ከአንድ ግንድ የተቀረጸ ሐውልት እናቆማለን። የመሰንጠቂያው የእንፋሎት ሞተርና ትልቁ ክብ መጋዝም እዚያው ባሉበት ለጎብኚ ክፍት ይሆናሉ። አካባቢው ለብዙ ዘመን በጫካው ኖሯል። መሰንጠቂያው ከተዘጋ ወዲህ ግን እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር የሚናገር አንድም ነገር የለም። አንጋፋዎቹ ሠራተኞች እያረጁ ነው። ሁላችንንም ያነሳሳን እነሱ እያሉ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ነው።

ግንዱ ነፋስ የጣለው ጥድ ነው። ስለ ጫካ ሥራ ለሚናገር ሐውልት ብሎ የቆመ ዛፍ መጣል ከጅምሩ አልተዋጠልንም። ርዝመቱ አምስት ሜትር ነው። ከሥሩ በኩል ውፍረቱ አንድ ሜትር ይጠጋል። ገና እርጥብ ስለሆነ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል።

ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ቀባን። እንጨት ውሃውን በጫፎቹ በኩል የሚለቀው በጎኑ ከሚለቀው ከ10 እስከ 15 እጥፍ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ቀድሞ ይኮማተራል። ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም። ያኔ ጫፉ ይሰነጣጠቃል። ከዚያ ግንዱን በተጋደሙ እንጨቶች ላይ አሳረፍነው፤ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ።

በብረት መፈለጊያም ዙሪያውን አዳረስነው። መሰንጠቂያ አጠገብ የበቀለ ዛፍ ሚስማርና ሽቦ ውጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። መሣሪያው አንድ ቦታ ላይ ጮኸ። በመሮ ፈልፍለን አሮጌ የአጥር ሽቦ አወጣን። የሚሽከረከር የሞተር መጋዝ ሰንሰለት እንዲህ ያለ ብረት ሲያገኝ ሊበጠስ ይችላል፤ መጋዙን በያዘው ሰው ላይም ይወረወራል። ይህን ፍተሻ ማንም መዝለል የለበትም።

ረቡዕ፦ ምን ይቀረጽ?

ዛሬ መጋዝ አልተነሳም። ስንነጋገር ዋልን።

ግማሾቹ አንድ ግዙፍ ሰው ይቀረጽ አሉ፤ መጥረቢያ የተሸከመ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት። ሐሳቡ መሠረት አለው። በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቤሚጂ የሚባል የጫካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1937 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፖል በንያንን፣ በአፈ ታሪክ የሚታወቀውን ግዙፍ ዛፍ ቆራጭ፣ ሐውልት አቆመ። ቁመቱ 5.5 ሜትር ገደማ ነው። ከጎኑ ሰማያዊው በሬው አለ። መንገደኛ ለመሳብ ተብሎ የተሠራ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ራሱ በአገሪቱ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያን ሐውልት አልንቅም። ሕዝቡ ወዶታል፤ ሲያድሰውም ኖሯል።

እኔ ግን የተቃወምኩት ለዚህ ነው። ግዙፉ ሰው ብቻውን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ጫካ መንጥሮ የጨረሰ ያስመስላል። እዚህ ግን ሥራው ብቻ ለብቻ አልነበረም። ዛፍ የሚጥሉ ነበሩ። ግንድ የሚጎትቱ ነበሩ። መጋዝ የሚሞርዱ፣ ቦይለር የሚያነዱ፣ ጣውላ የሚደረድሩ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አሁንም በመንገዱ ያልፋሉ። ሐውልቱን ሲያዩ ራሳቸውን ማግኘት አለባቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነኝ የካናዳዋ ቼሜነስ ናት። በቫንኩቨር ደሴት ላይ ያለች የጣውላ ከተማ ናት። በ1982 የከተማዋን ግድግዳዎች በታሪኳ ሥዕል መሙላት ጀመረች። በዓመቱ፣ በ1983፣ ትልቁ መሰንጠቂያዋ ተዘጋ። ሥዕሎቹ ግን ቀጠሉ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። እኔን የሚማርከኝ ብዛታቸው አይደለም። ግድግዳው ላይ ያሉት ግንድ ቆራጮች፣ ባቡሮች፣ ሱቆችና ቤተሰቦች እዚያው የኖሩ መሆናቸው ነው። ብዙዎቹ ከድሮ ፎቶዎች ተነስተው የተሳሉ ናቸው።

ውይይቱ ረዘመ። በመጨረሻ ግዙፉ ሰው ቀረ። ከታች በሁለት ሰው መጋዝ የሚስቡ ጥንድ ቆራጮች፣ ከመሃል መጋዝ የሚሞርድ ሰው፣ ከላይ ጣውላ የምትደረድር ሴት ይቀረጻሉ። ከግንዱ ውፍረት ውጭ የሚወጣ እጅም ሆነ መሣሪያ አይኖርም። በሙጫና በቡሎን የተለጠፈ ክንድ ከሥር ውሃ ይይዛል፤ ያ መገጣጠሚያም ቀድሞ ይበሰብሳል።

አርብ፦ የጭቃው ሞዴል በአንጋፋዎቹ ፊት

ክንድ የሚያህል የጭቃ ሞዴል ሠርተን አንጋፋዎቹን ጠራናቸው። ከሁሉ የሚልቁት አባት ዕድሜያቸውን በመጋዝ የገፉ ናቸው። ሞዴሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ከታች ያሉትን ሁለት ሰዎች በጣታቸው ነኩ።

«ይሄኛው እየገፋ ነው» አሉ። «መጋዝ አይገፋም፣ ልጆቼ። አንተ ትስባለህ፤ ጓደኛህ ሲስብ ዝም ብለህ ትለቅለታለህ። ከገፋህ ላሜራው ይጎብጣል፤ ሰውየውም ይደክማል።»

ተነስተውም አሳዩን። እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ክንዳቸው ዘና ብሏል። ኃይሉ ከወገባቸው ይመጣል። ጭቃው ገና እርጥብ ነበርና እዚያው በእጃቸው አስተካከሉት። አሁን አንደኛው ሰው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሌላው ክንዱን ዘርግቶ ይከተለዋል። ከፎቶ ብቻ ቢሠራ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር።

መጋዝ ስለሚሞርደው ሰውም ብዙ ነገሩን። በጫካ ካምፕ ውስጥ የተከበረ ሰው እሱ ነበር። መጋዙ ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው። ቆራጮቹ ጥርሶች የእንጨቱን ጭረት ከግራና ከቀኝ ይበጥሳሉ። በመካከላቸው ያሉት አጠር ያሉት ደግሞ የተቆረጠውን ጠርገው ያወጣሉ። ቆራጮቹ ጥርሶች ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመም ይላሉ፤ መጋዙ በቆረጠው ክፍተት ውስጥ እንዳይጣበቅ። በደንብ የተሞረደ መጋዝ ረጃጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ያወጣል። የደነዘ መጋዝ ግን ሰጋቱራ ብቻ ያበናል። ስለዚህ ከሞራጁ እግር ሥር ጥቅልሎቹን እንቀርጻለን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያያቸው ምን ማለት እንደሆኑ ይገባዋል።

ጣውላ ከሚደረድሩት ሴቶች አንዷም መጥተው ነበር። በየንብርብሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት ይገባ እንደነበር አስታወሱን፤ አየር ካልገባው ጣውላው ይሻግታል። እሱም በሞዴሉ ላይ ተጨመረ።

ማክሰኞ፦ ቅርፊት መላጥ

ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ አነሳን። ቅርፊት ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፤ ለነፍሳትም መጠለያ ነው። ከሥሩ ያለውን ነጣ ያለውን እንጨትም በአብዛኛው አስወገድን። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልሰው በዚህ ክፍል ነው። የማንኛውም ዛፍ ነጩ እንጨት ከቤት ውጭ አይበረክትም። ጠቆር ያለው የውስጡ እንጨት ግን ዛፉ ራሱ ያከማቸው መከላከያ አለው። የጥድ ሽታ የሚመጣውም ከዚያው ነው። ግቢው ሁሉ ሸተተ።

ሐሙስ፦ የጀርባው ቁርጥ

ዛሬ የሠራነው ለብዙዎች ግራ ያጋባ ነበር። ደህናውን ግንድ በጀርባው በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ መሃል ልቡ ድረስ በመጋዝ ሰነጠቅነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው አቅጣጫ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ልቡን የያዘ ሙሉ ግንድ መሰንጠቁ አይቀርም። እኛ የምንወስነው የሚሰነጠቅበትን ቦታ ብቻ ነው። በጀርባው ካልከፈትንለት በሴትየዋ ፊት ላይ ሊከፈት ይችላል። አሁን ግንዱ ሲደርቅ ይህ ቁርጥ ይሰፋል፤ ፊት ለፊቱ ግን ያርፋል።

በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት ሃይዳዎች ብዙዎቹን የቤት ምሰሶ ሐውልቶቻቸውን በጀርባ በኩል ይቦረቡሯቸዋል። ልቡ ሲወጣ ግንዱ ይቀላል፤ መሰንጠቁም ይቀንሳል። የእኛም ግንድ ከመሃሉ በላይ በጀርባው እንዲቦረቦር ተስማምተናል።

ቅዳሜ፦ ሻካራው ቅርጽ

የሞተር መጋዙ ተነሳ። የራስ ቁር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ሰንሰለት የሚያስቆም ሱሪ ለያዘው ሰው ሁሉ ግዴታ ነው። በመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ክፍል እንጨት መንካት ክልክል ነው፤ ወደ ሰው ተመልሶ የሚዘለው ከዚያ ነው። ልጆች ከገመድ ውጭ ሆነው ያያሉ።

ዛሬ ትላልቆቹ ገጾች ወጡ። የሁለቱ ቆራጮች ትከሻ ታየ።

ከዝናቡ በኋላ፦ ሞተሩና ትልቁ መጋዝ

ዝናብ ሲጥል ግንዱን ሸፍነን ወደ መሰንጠቂያው ገባን።

የእንፋሎት ሞተሩ ዝጓል እንጂ አልሞተም። በዘመኑ ቦይለሩ የሚነደው በመሰንጠቂያው በራሱ ትርፍራፊና ሰጋቱራ ነበር። ክቡ መጋዝ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይቀይራል። ያ ሁሉ ሰጋቱራ ደግሞ መጋዙን መልሶ ያዞረዋል። ጎብኚው ይህን ዑደት ከእሳት ማንደጃው እስከ መጋዙ ድረስ በእግሩ ተከትሎ እንዲያይ እንፈልጋለን። ለዚህ ነው ማሽኖቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይዛወሩ አጥብቄ የተከራከርኩት። ኃይሉን ከሞተሩ ወደ መጋዙ የሚወስደው ቀበቶ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ካልታየ ሞተሩ ዝም ያለ ብረት ይሆናል።

ማንም እጁን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ነገር በባለሙያ አስመረመርን። በአሮጌ ቦይለርና በእንፋሎት ቱቦ ላይ የተጠቀለለው መሸፈኛ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። አሮጌው ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ያንን አቧራ መተንፈስ ነው። ከቱቦው አንዱ ክፍል ላይ አስቤስቶስ ተገኘ። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እስኪያነሱት ያ ጥግ ታሽጓል።

ሞተሩ በደማቅ ቀይ ይቀባ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ለፎቶ ያምራል እውነት ነው። ግን በእጀታው ላይ ቀለሙ በእጅ ብዛት ያለቀበት ቦታ አለ። ዘይት የሚያጠጣው ሰው የሚደገፍበት ብረት ተልጓል። አዲስ ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። እና የላላውን ዝገት በለስላሳ ብሩሽ እናነሳለን፤ ቀጭን ሰም እንቀባለን፤ በዚያ ይበቃል።

በፊንላንድ የቬርላ የእንጨት ካርቶን ፋብሪካ ሥራ ያቆመው በ1964 ነው። በ1972 ሙዚየም ሆነ፤ በ1996 የዓለም ቅርስ ተባለ። ዋጋው ያለው ከመሣሪያው እስከ ሕንፃው ሁሉም በቦታው መቆየቱ ላይ ነው። የእኛ መሰንጠቂያ ትንሽ ነው። አያያዙ ግን ከዚያ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሰኞ፦ መሠረቱ

ስለዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። የእንጨት ሐውልት ዕድሜ የሚወሰነው ከጉልበት በታች ነው።

አንዳንዶች ግንዱን ጉድጓድ ቆፍረን ኮንክሪት እንሙላበት አሉ። ቀላል ይመስላል። ግን እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእሱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ዝናብ በግንዱ ላይ ወርዶ እዚያ ይገባል። መውጫ የለውም። የእንጨት ፈንገስ ለመኖር ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይፈልጋል፤ ያ ጉድጓድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይሰጠዋል።

ይህን ኖርዌጂያኖች ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት አውቀውታል። ቀደምት የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ምሰሶ መሬት ውስጥ ይቀበር ነበር፤ ከታች በሰበሱ። በኋላ ምሰሶውን በድንጋይ ላይ ባረፈ አግዳሚ እንጨት ላይ ማቆም ጀመሩ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከ1979 ጀምሮም የዓለም ቅርስ ነው።

በአውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ሌገርዉድ የሚባል መንደርም አለ። በ1918 በጦርነት ለሞቱ ልጆቻቸው ዛፎች ተከሉ። ዛፎቹ አርጅተው በ2001 አደገኛ ተባሉ። ሰዎቹ ቆርጠው ከመጣል ይልቅ በቆሙበት የሟቾቹን ታሪክ ቀረጹባቸው። ልቤን የነካ ሥራ ነው፤ ዛፉ ራሱ መታሰቢያ ስለነበር ከሥሩ ማንሳት አይቻልም ነበር። የእኛ ግንድ ግን ቀድሞ ወድቋል። ከመሬት የሚያጣብቀን ነገር የለም።

ስለዚህ እንዲህ ሠራን። ከታች ጠጠርና የውሃ ማስወገጃ ቱቦ። በላዩ የኮንክሪት መሠረት። ከኮንክሪቱ ዚንክ የተቀባ የብረት እግር ይወጣል፤ ግንዱን ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ብረቱ ግንዱን ዙሪያውን አያቅፈውም፤ በመሃል ገብቶ በቡሎን ይያያዛል። ውሃ የወረደበት ይንጠባጠባል፤ ነፋስ ያደርቀዋል። የግንዱ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቁርጥ አለው፤ ጠብታው ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት። አናቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ተዳፍቶ የመዳብ ክዳን ይቀመጣል።

ረቡዕ፦ መሮና ቅባት

ሻካራው ቅርጽ አልቆ ወደ መሮ ገባን። ፊቶቹ፣ ጣቶቹ፣ ጥቅልል ፍቅፋቂዎቹ ወጡ። ጎድጓዳ የሆነው ቦታ ሁሉ ወደ ውጭ ዝቅ እያለ ተቀረጸ። ክንድ የታጠፈበት፣ ጣውላው የተደረደረበት ቦታ ውሃ የሚያቁር ከሆነ የመጀመሪያው ብስባሽ የሚታየው እዚያ ነው። ውሃ በባልዲ እያፈሰስን ቼክ አደረግን። የቆየበትን ቦታ በመሮ ከፈትንለት።

ግንዱ ገና ውስጡ እርጥብ ስለሆነ የቦሮን ጨው ቀባንበት። ይህ ጨው በእርጥበት ውስጥ ወደ እንጨቱ ጠልቆ ይገባል፤ ፈንገስንና ምስጥን ይከላከላል። ችግሩ ዝናብ መልሶ ያጥበዋል። ስለዚህ ላዩ ሲደርቅ ውሃ የሚመልስ፣ ግን እንጨቱን የማያፍን ቅባት ይከተላል። ቫርኒሽ አልመረጥንም። ቫርኒሽ ይሰነጠቅና ከሥሩ ውሃ ያስገባል፤ ከዚያ መላጥ ብቻ ነው።

ለመሣሪያ እጀታዎች የተልባ ዘይት ተጠቅመናል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ሰጋቱራ በሞላበት ግቢ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ጨርቁ ሁሉ ውሃ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል።

ፀሐይ ቀለሙን እንደምትለውጠው ለሐውልቱ ኮሚቴ ነግሬያለሁ። ቀይማው እንጨት ግራጫ ይሆናል። ግራጫው ቀለም የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ለስላሳ እንጨት በፀሐይና በዝናብ የሚሸረሸረው በ100 ዓመት ስድስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የጣቶቹን ቁርጥ ጠለቅ ያደረግነውም ለዚህ ነው።

አርብ፦ የሰሌዳው ጽሑፍ

ይህ ከቅርጹ በላይ አከራክሮናል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ታሪኩን ከመሰንጠቂያው ይጀምራል። ጫካው ግን ከመሰንጠቂያው በፊት ነበር፤ በጫካው የሚኖሩ ሰዎችም ነበሩ። ሐውልት ቅርስ ነው ከተባለ የማን ቅርስ እንደሆነ ማለት አለበት። በካናዳ የሃይስላ ሕዝብ በ1872 ያቆሙት የግፕስጎሎክስ ምሰሶ በ1929 ተቆርጦ ወደ ስዊድን ተወሰደ። ባለቤቶቹ ተከራክረው ያስመለሱት በ2006 ነው። ከእንጨት የሚቀረጹት የኮንሶ ዋካ ሐውልቶችም ለሟች ጀግኖችና የተከበሩ ሰዎች የቆሙ ናቸው። ከመቃብራቸው ተነስተው ለገበያ የወጡ እንዳሉ እናውቃለን። ከቦታውና ከሰዎቹ የተለየ እንጨት ብዙ ነገሩን ያጣል።

በአዲሱ ረቂቅ ከመሰንጠቂያው በፊት የነበሩት ይቀድማሉ። ሥራው ቀጥሎ ይመጣል። ጫካው ምን ያህል እንደሳሳም ተጽፏል፤ በአደጋ የተጎዱትም ተጠቅሰዋል። አንጋፋዎቹ ይህ ይቆየን አላሉም። አንደኛው እንዲያውም ስለ ችግኞቹ ለምን አልተጻፈም ብለው ጠየቁ። ተጽፏል።

ቅዳሜ፦ መትከል

ክሬኑ ጠዋት መጣ። ግንዱ በሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ታስሮ ተነሳ። ሰንሰለት ቅርጹን ስለሚቆርጥ አልተጠቀምንም። የብረቱ እግር ወደ መሃል ገባ፤ ቡሎኖቹ ታሰሩ። በየአቅጣጫው በውሃ ልክ ታየ። የመዳቡ ክዳን ተገጠመ። የጀርባው ቁርጥ ከተጀመረ ወዲህ በጣት ያህል ሰፍቷል። የፊት ለፊቱ ላይ እስካሁን ጥቃቅን ስንጥቆች ብቻ ናቸው ያሉት።

መጋዝ አይገፋም ያሉን አባት ከታች ያሉትን ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ አዩ። «አሁን እየሳበ ነው» አሉ። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው የመጋዙን ጥርስ አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመሩ።

ማክሰኞ፦ የጥበቃ መዝገብ

አንድ ሐውልት እንደተመረቀ የሚረሳ ከሆነ ይህ ሁሉ መሮ ከንቱ ነው። ሃይዳዎች ስጋንግ ግዋይ በሚባለው የቀድሞ መንደራቸው የቀሩትን ምሰሶዎች ወደ መሬት እስኪመለሱ እንዲያረጁ ይተዉአቸዋል። ቦታው ከ1981 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ያ የእነሱ ውሳኔ ነው፤ ትርጉምም አለው። በሩሲያ የኪዢ ደሴት ደግሞ በ1714 የተሠራውን ባለ 22 ጉልላት ቤተ ክርስቲያን የበሰበሱትን ግንዶች ብቻ እየለዩ በአዲስ ተኩ። ደህናውን እዚያው መለሱት። ሁለቱም ታስቦበት የተደረገ ነው። እኛ የኪዢን መንገድ መርጠናል፤ አቅማችን በፈቀደው መጠን።

መዝገቡ ላይ የሚከተለው ይሰፍራል። በየዓመቱ ከዝናብ ወቅት በፊት የውሃ ማስወገጃው ይጸዳል። ሣር ከሐውልቱ እግር ይታጨዳል። የእርጥበት መለኪያው ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ይሰካና ቁጥሩ ይጻፋል። ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ክዳኑና ጎድጓዳዎቹ ይፈተሻሉ። ቅባቱ ውሃ መመለስ ሲያቆም ይደገማል። ስንጥቅ በሲሊኮን አይሞላም፤ ውሃውን ውስጥ ያስቀርበታል። ሁሉም ከአንድ ቦታ በሚነሳ ፎቶ ይያዛል።

የሚቀረን ሥራ የታሸገው ጥግ፣ የሰሌዳው ኅትመትና ወደ ሞተሩ የሚወስደው የእንጨት መተላለፊያ ነው። ለመተላለፊያው የሚሆነውን ጣውላ ከዚሁ ግንድ ከተረፈው እየሰነጠቅን ነው። በየንብርብሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት ገብቶ ተደርድሯል፤ ሲደርቅ ይገጠማል።